ፊደሉን የረሳው ስክሪን

ተፈረመ! ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ሰዎች ባሉበት ተፈርሞ ክቡ ማኅተም ተመታበት። ማኅተሙ ሲያርፍ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ብርጭቆ ነጠር ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። አልሃምዱሊላህ! ከዚያ ክፍል ከወጣሁ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። ሳይቀዘቅዝ ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

የተፈረመው የፈይዛ መልቀቂያ ነው።

ፈይዛን ለማታውቋት፣ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አጠር ያለች፣ ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ የምትሸፍን፣ የሰው ስም አንዴ ከሰማች የማትረሳ ሴት ናት። አባቷ አቀስታ ላይ ቁርኣን ያስቀሩ፣ ማለትም ያስተምሩ ነበር። እሷም ከእሳቸው ፊት ተቀምጣ እየቀራች ስላደገች ይመስለኛል፣ የሰማችውን ሁሉ በቃሏ የመያዝ ልማድ አላት። ባሏ ዐረብ አገር ሄዶ በዚያው ቀረ። አሁን ያሏት እናቷ እማማ አስያና ወንድሟ አብዱራህማን ናቸው። ወንድሟ ጅዳ ነው። እናቷ አቀስታ ለብቻቸው ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሞ ግድግዳ እየዳሰሱ።

ፈይዛ ወደ መካነ ሰላም የመጣችው በሃያ ሦስት ዓመቷ፣ በአንድ ማሠልጠኛ መዝገብ ቤት ተቀጥራ ነው። እኔ ከማሠልጠኛው በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፤ ስትገባም ስትወጣም አያታለሁ። ሥራዋ አንድ ማሽን መጠበቅ ነበር ብል አልዋሸሁም። ማሽኑ የሳሙና ካርቶን የሚያህል ግራጫ የብረት ሣጥን ነው። ከእሱ የአውራ ጣት ውፍረት ባለው ገመድ የተያያዘ ስክሪንና የጽሕፈት ሰሌዳ አለ፤ ያንን ተርሚናል ይሉታል። ተርሚናል ኮምፒውተር እንዳይመስላችሁ። የራሱ የሆነ ነገር የለውም። ሣጥኑ በገመዱ የላከለትን ያሳያል፣ የተጻፈበትን መልሶ ለሣጥኑ ያቀብላል፣ በቃ።

በሣጥኑ ውስጥ የስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሠልጣኞች ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ውጤትና የምስክር ወረቀት ቁጥር አለ። የወረቀቱን መዝገብ ምስጥ ከበላው ቆይቷል። ስለዚህ አንድ የድሮ ሠልጣኝ ምስክር ወረቀቴ ጠፋብኝ ብሎ ሲመጣ፣ ያለው ያ ሣጥን ብቻ ነው።

ፈይዛን ሥራውን ያስተማራት ሰውዬ አንድ ነገር አጥብቆ ነግሯት ነበር፤ ማሽኑን ስታበሪ መጀመሪያ ይችን ዲስክ ክተቺ፣ ይችን ቃል ጻፊ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቂ፣ ከዚያ ሥራሽን ሥሪ። ለምን እንደሆነ አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችም። ሃያ ዓመት ሙሉ ዲስኳን ከታ፣ ቃሏን ጽፋ፣ ደቂቃዋን ጠብቃ ትሠራለች። ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ይልና አማርኛው ይመጣል። ዲስኳን "የጠዋት ዲስክ" ትላት ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት በክረምት የጠዋት ዲስኳ ሻገተች። መሻገቷን ፈይዛ ያወቀችው በኋላ ነው። በዚያ ቀን ያየችው ግን ስክሪኑን ነው። የሰው ስም በነበረበት ቦታ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የመቶኛ ምልክት፣ የጥያቄ ምልክት፣ ቅንፍ፣ ሁሉ ተደበላልቆ ተዘርግቷል። አጠፋች፣ አበራች። ያው ነው።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው። በእኔ እጅ ጠፋ ብላ ደነገጠችና ለማንም አልተናገረችም። ስክሪኑን በነጠላ ሸፈነችው፣ በሩን ቆለፈችው። ማስረጃ የሚጠይቅ ሲመጣ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ባለሙያ ይመጣል፣ ከበዓል በኋላ ይምጡ ትላለች። ከከላላ በበቅሎ መጥተው በባዶ እጃቸው የተመለሱ አሉ። በኋላ እንዳወራችኝ፣ ከእነዚያ ሰዎች ፊት የባሰ ያሠቃያት አልነበረም። ማታ ማታ አንድ በአንድ ይመጡባታል፤ ስማቸውን ደግሞ አትረሳም።

አንድ ዓመት እንዲህ ከሄደ በኋላ ሁለት ነገር አንድ ላይ መጣ። ማሠልጠኛው ከሌላ ጋር ተዋሃደ፣ ፈይዛም ለሦስት ዓመት ስትለምነው የነበረው ዝውውር ወደ አቀስታ ተፈቀደላት። እናቷ ደጃፍ ድረስ! ለሠፈሩ ሁሉ ከረሜላ አደለች፣ እኔም በልቻለሁ።

መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ግን ርክክብ የሚባለውን ያውቃል። በእጅህ ያለውን ንብረት በዝርዝር ሳታስረክብ መልቀቂያ የለም። መልቀቂያ ከሌለ ዝውውሩ ወረቀት ብቻ ነው። ጥላ እንዳትሄድ ደግሞ ሲቀጥሯት አጎቷ መሐሙድ ዋስ ሆነው ፈርመዋል፤ ብትጠፋ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። በዝርዝሩ ላይ እንዲህ ይላል፤ ማሽን አንድ፣ ተርሚናል አንድ፣ በማሽኑ ውስጥ የሚነበብ የ612 ሠልጣኞች መረጃ።

"የሚነበብ" ይላል።

ተረካቢው አቶ ደሳለው ነው፤ የንብረት ኃላፊ። ክፉ ሰው አይደለም። ሌላ መሥሪያ ቤት እያለ ያላየውን ጄኔሬተር አየሁ ብሎ ፈርሞ አራት ዓመት ፍርድ ቤት ሲመላለስ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ጨው እንኳ ቢሰጡት ቀምሶ ነው የሚቀበለው ይሉታል። ፈይዛ ነጠላውን ስታነሳ ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አየው።

"ወይዘሮ ፈይዛ፣ የማላነበውን አልረከብም" አላት። "ነገ ምን ተረከብክ ቢሉኝ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት ልበል?"

ከደሴ ባለሙያ አስመጡ። ሰውየው ሩብ ሰዓት ነካክቶ መረጃው ተበላሽቷል ብሎ ጽፎ ፈርሞ ሄደ። ያ ወረቀት ፋይሏ ውስጥ ገባ። ማን አበላሸው የሚለው ጥያቄም አብሮ ገባ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሁለት ዓመት እንዴት ልንገራችሁ። ሥራ የላትም፤ ማሠልጠኛው ወደ ሌላ ግቢ ሄዷል። ግን በየቀኑ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጥታ ያንን ክፍል ትከፍታለች፣ ከሣጥኑ ፊት ለፊት ትቀመጣለች፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ቆልፋ ትወጣለች። ካልመጣች ከሥራ ቀረች ይባላል። ከመጣች የምትሠራው የለም። ጉም ከከተማው ጥግ ካለው ገደል ሲወጣ መስኮቱ ሁሉ ነጭ ይሆንና ከውጭ ስትታይ እዚያው የተረሳች ዕቃ ትመስላለች። በግቢው የቀሩት ሠራተኞች "የሣጥኑ ሚስት" ብለው ስም አወጡላት። "የሣጥኑ ሚስት፣ ባልሽ እንዴት አደረ?" ሲሏት ትስቅና ሻሿን ወደ አፏ ትወስዳለች። አፏ በሻሹ ከተሸፈነ በኋላ ስቃ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ወንድሟ ከጅዳ በድምፅ መልእክት ይቆጣታል። አንዱን ሱቄ ውስጥ ቆማ ስትሰማው ሰምቻለሁ።

"እማማ ትናንት ከደጃፍ ወድቃ ጎረቤት ነው ያነሣት" ይላል። "እኔን አሠሪዬ ፓስፖርቴን ይዞብኛል። አንቺን ማን ያዘሽ፣ ፈይዛ?"

ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ አስገብታ አንድ ገጽ ኮፒ አስነስታ ወጣች። ዘንድሮ በሚያዝያ ደግሞ ከአቀስታ ደብዳቤ መጣ፤ ቦታሽን እስከ ሰኔ ሠላሳ ካልያዝሽ ለሌላ ይሰጣል የሚል።

በዚያ ሰሞን ነው ነገሩ የተገለበጠው። የሚሠራ የላትምና ያንን ዝብርቅርቅ ስክሪን እያሳለፈች የሠልጣኞቹን ስም በቃሏ ትጠራለች። በፈተና ቀን በር ላይ ቆማ ስም የምትጠራው እሷ ስለነበረች ከነተራ ቁጥራቸው ታውቃቸዋለች። እንደ ዚክር፣ የአላህን ስም ደጋግሞ እንደማውሳት ሆኖባት ነበር መሰለኝ። አሥራ አንደኛው ዙር ላይ ስትደርስ፣ አርባ አንደኛ ጠልሐ መሐሙድ፣ አርባ ሁለተኛ ሩፋይዳ መሐሙድ። የከላላ እህትና ወንድም ናቸው፣ በአንድ በቅሎ ተፈናጠው ነው ለምዝገባ የመጡት። ድምጿ ቆመ። በሁለቱም መስመር፣ የአባት ስም በሚሆንበት ቦታ፣ ያው ስድስት ምልክት በዚያው ቅደም ተከተል ተቀምጧል።

መንገዱን በሩጫ ተሻግራ እኔ ጋ መጣች። ፈይዛ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ወረቀት ላይ የገለበጠችውን ዘረጋችልኝ።

"አህመዲን፣ የተበላሸ ነገር ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይበላሽም" አለችኝ።

ልክ ናት! ሌላ መሐሙድ ፈለግን፤ ስድስቱ ምልክት እዚያም አለ። ስድስት መሐሙድ አገኘን። ጽሑፉ አልጠፋም ማለት ነው። በሣጥኑ ውስጥ አለ። ታዲያ ስክሪኑ ምን ነካው? እኔ ማታውን በስልኬ አሮጌ ማሽን የሚወዱ የፈረንጅ ሽማግሌዎች የሚለቋቸውን ቪዲዮዎች ሳይ አመሸሁ። አንዱ ያንኑ ተርሚናል ከፍቶ እያሳየ ሲናገር ከአልጋዬ ልወድቅ ነበር። ተርሚናሉ ሲሠራ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው። ሌላ ፊደል እንዲያሳይ ከተፈለገ የእያንዳንዱ ፊደል መልክ፣ ነጥብ በነጥብ፣ በገመዱ ይላክለታል። እሱም ይይዘዋል፣ መብራት እስኪጠፋ ድረስ። ከጠፋ ይረሳዋል።

የጠዋት ዲስኳ ሥራ ይህ ነበር። በየጠዋቱ ፈይዛ ሳታውቀው ለዚያ ስክሪን ፊደል ስታስቆጥር ኖራለች።

ዲስኳ ሞታለች፣ ፊደሉ ግን መሣል ይቻላል። ችግሩ የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ ማወቅ ነው። መሐሙድ አራት ፊደል ነው፤ ምልክቱ ግን ስድስት። አንደኛውና ሦስተኛው ምልክት አንድ ናቸው። እዚህ ላይ አሥር ቀን ቆምን። ግንቦት እያለቀ ነው፣ ፈይዛ ደግሞ እህል መብላት ትታለች።

ለእትዬ ዝናሽ የነገራቸው ማን እንደሆነ አላስታውስም። ከማሠልጠኛው በጡረታ የወጡ ታይፒስት ናቸው፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው። ወረቀቱን ይዘን ቤታቸው ሄድን። መነጽራቸውን አድርገው ምልክቶቹን አንድ በአንድ ከቆጠሩ በኋላ ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ መታ መታ ማድረግ ጀመሩ።

"ወላሂ ይኼማ የኔ ታይፕ ነው" አሉ። ክርስቲያን ናቸው፣ ግን እዚህ አገር ወላሂ የማይል ማን አለ። "ሙ የሚለውን በአንድ ምት የምትጽፊ መሰለሽ? መጀመሪያ መ ትመቻለሽ፣ ከዚያ ጎኗ ላይ ቅጥያዋን ትመቻለሽ። ድ የሚለውም እንዲሁ ነው። ቁጠሪ እስቲ።"

ፈይዛ ቆጠረች። መ አንድ፣ ሐ ሁለት፣ ሙ ሁለት ምት ነውና አራት፣ ድ ሁለት ምት፣ ስድስት።

ያን ጊዜ ያወሩን ነገር እስካሁን ያስቀኛል። ማሽኑ የመጣ ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ ቀጭን ሰው መጥቶ ሦስት ቀን ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጦ ጣታቸውን ሲያይ ዋለ። ስክሪኑ ከመቶ ያነሰ ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ ፊደላችን ደግሞ ከሁለት መቶ በላይ፤ ስለዚህ የታይፑን ዘዴ ወስዶ ነው የገጠመው። "እኔ ሊያገባኝ መስሎኝ ሦስቱንም ቀን ቀሚስ ቀያይሬ መጥቻለሁ" አሉ እትዬ ዝናሽ። "ለካ የፈለገው ቅጥያዬን ነው።" ከዚያ ባዶ ገበታ ላይ እያስመሰሉ የታይፑን ቁልፎች ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ ጠሩልን፣ ሃያ ዓመት ያልነኩት ያህል ሳይሆን ትናንት ያቆሙት ያህል። በተርሚናሉ የጽሕፈት ሰሌዳ ላይ የምልክቶቹ ቅደም ተከተል ያው የቁልፎቹ ቅደም ተከተል ሆኖ ተገኘ። ስንወጣ ፈይዛን እጇን ይዘው "አብሽሪ ልጄ፣ ትሄጃለሽ" አሏት።

የቀረው መሣል ነው። ፈይዛ የሒሳብ ደብተር ገዛች፣ ባለ አራት ማዕዘኑን። ለአንድ ፊደል ሰባት ካሬ በወርድ፣ አሥር በቁመት። የሚበራውን ታጠቁራለች፣ የማይበራውን ትተዋለች። ዘጠና አራት ፊደልና ቅጥያ! ያው ክፍል ውስጥ፣ ያው ወንበር ላይ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። አሁን ግን በመስኮቱ ሳይ ቀና አትልም። የኔ ድርሻ የጠቆረውን በላፕቶፕ ወደ ቁጥር መለወጥና ከደሴ ባስመጣነው የገመድ መገናኛ ወደ ተርሚናሉ መላክ ነው። መጀመሪያ ስንልክ የላፕቶፑና የተርሚናሉ ፍጥነት አልገጠመም፤ ስክሪኑ አሸዋ የተበተነበት መሰለ። ሲገጥም ደግሞ ሐ አንድ እግሯ ጎደለ፣ ጨ ጭንቅላቷ ተቆረጠ። ፈይዛ እያጠፋች ትሥላለች። ሰኔ ሃያ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ገመዱን ከላፕቶፑ ነቅለን፣ መብራቱን ሳናጠፋ ወደ ሣጥኑ መለስነው። ቅጥያዎቹ ከፊደሉ ትንሽ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ፣ ግን ይነበባል። ጠልሐ መሐሙድ። ሩፋይዳ መሐሙድ። ፈይዛ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። አሥራ አንደኛውን ዙር ከአንድ እስከ መጨረሻ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው።

ዛሬ ሰኔ ሃያ ስድስት ርክክቡ ሆነ። አቶ ደሳለው መጣ፣ ጸሐፊ ሆና መሰረት የምትባል ልጅ መጣች፣ እኔ በገመድ ያዥነት ገባሁ። አቶ ደሳለው ወንበሩን ስቦ ስክሪኑ ላይ ተደፋ። በየመሐሉ ቁጥር እየጠራ የሠልጣኙን መዝገብ ያስወጣታል። አንድ መቶ ስምንት። ሦስት መቶ ሰባ። ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ ሲል መሰረት ቀስ ብላ እኔም እኮ እዚህ ነው የሠለጠንኩት አለች። ፈይዛ ወዲያው ቁጥሯን ነገረቻት፤ አምስት መቶ አርባ። ወጣ። ስሟ፣ የአባቷ ስም፣ የተወለደችበት ቀበሌ፣ ውጤቷ። መሰረት ውጤቱን በእጇ ለመሸፈን ተነሣች፤ ሁላችንም ሳቅን።

አቶ ደሳለው እስክሪብቶውን አወጣ። ክዳኑን ነቀለ። መብራት ጠፋ።

ሰኔ ነው፣ ይጠፋል። ግን ያን ጊዜ! አቶ ደሳለው ክዳኑን መልሶ ገጠመው። ሃያ ደቂቃ በጨለማው ክፍል ተቀመጥን። መብራቱ መጣ፣ ሣጥኑ ተነሣ፣ ስክሪኑም ያንኑ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት ዘረጋ። አቶ ደሳለው ፋይሉን አጠፈ።

"ይኸው ጠፋ" አለ። "እኔ ልጅ አሳዳጊ ነኝ፣ ወይዘሮ ፈይዛ።"

"አልጠፋም" አለችው። እንዲህ ረጋ ያለ ድምፅ ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። "ጽሑፉ ቦታው አለ። ፊደሉን የረሳው ስክሪኑ ነው። ቁጭ በልና ሲያስታውስ እይ።"

ገመዱን ራሷ ነቀለች፣ ላፕቶፑ ላይ ሰካች፣ ላከች። ከአንድ ደቂቃ በኋላ መልሳ ሣጥኑ ላይ ሰካችው፤ አምስት መቶ አርባ ብላ ጻፈች። መሰረት ከነውጤቷ ተመለሰች።

አቶ ደሳለው እጁን ዘርግቶ ተርሚናሉን ራሱ አጠፋው። አበራው፤ ዝብርቅርቅ። እስቲ ድገሚው አለ፤ ደገመችው። ሦስተኛውን ራሱ ገመድ ነቅሎ ራሱ ላከ፤ ፊደሎቹ ሲመጡ "ጉድ እኮ ነው" እያለ ወደ እኔ ዞረ። መብራቱ ባይጠፋ ይህን ሁሉ ባላየ ነበር፣ ነገ ሌላ ጥርጣሬ ይዞ ይመጣ ነበር። አሁን ግን መጥፋቱንም መመለሱንም በእጁ ያዘው።

በዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ጨመረ፤ "በእጅ የተሣለ ፊደል፣ ደብተር አንድ።" ፈይዛ ደብተሩን እኔ ነኝ የገዛሁት፣ ለማስታወሻ ልያዘው ስትለው ከደረቱ ጋር አጣብቆ ያዘው።

"የተረከብኩትን አልሰጥም" አላት።

ፈረመ። የደሴው ባለሙያ ወረቀትም ላይ "በተደረገው ማጣራት መረጃው ሙሉ ሆኖ ተገኝቷል" ብሎ ጻፈበት። መሰረት ማኅተሙን መታች።

ፈይዛ ግቢው መሐል ቆማ ለወንድሟ የድምፅ መልእክት ላከች። ረጅም አልነበረም። "አብዱራህማን፣ ነገ ጠዋት በሚኒባስ እገባለሁ። ለእማማ ጎረቤት ይንገርልኝ። አንተም ፓስፖርትህን ተቀበለው" አለች። ከዚያ በሩን ቆለፈችና ቁልፉን ለአቶ ደሳለው አስረከበች፤ እሱም ቁልፉ ላይ ያለውን ቁጥር ካነበበ በኋላ ተቀበላት። ባዶ እጇን ሁለት ሦስት ጊዜ ገልበጥ አድርጋ አየችው። አሁን ቤቷ ፍራሽ እየጠቀለለች ነው።

እኔ ደግሞ ያልነገርኳችሁ ብዙ ቀረኝ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ሐ እግር ብቻ አንድ ገጽ እጽፍላችሁ ነበር። ግን እትዬ ዝናሽ ገና አልሰሙም! ስልክ አይዙም፣ የሰኔ ዝናብም እየመጣ ነው። ሱቁን ዘግቻለሁ፤ እሳቸው ጋ ልሮጥ ነው።